በር ከፋቿ ኬሚስትሪ

ሙዚቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሕግ አንቀጽ የደነገገ ፓርላማ አለ ቢባል ታምናላችሁ? እኔ በሕግ ትምህርት ቤት ቆይታዬ እንዲህ ያለ ድንጋጌ አላጋጠመኝም፡፡ ግን አለ፡፡ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1994 ያጸደቀው የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ፀጥታ ሕግ በአንቀጽ 63 ላይ፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሌሊት ሜዳ ላይ ተሰብስበው፣ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ እየጨፈሩ የአካባቢውን ነዋሪ ክፉኛ የሚያውኩ ከሆነ ፖሊስ እንዲበትናቸው ይፈቅድ ነበር፡፡ እዚህ ድረስ የሚያስደንቅ ነገር የለም፡፡ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፡፡ ሕጉ ሙዚቃ ሲል፣ እየተደጋገሙ በሚከታተሉ ምቶች የሚታወቁ ድምፆችንም እንደሚጨምር ይተረጉማል፡፡ ሕግ አውጪው ስለ ቫዮሊንም ስለ ፒያኖም አልተጨነቀም፤ ያሳሰበው ከበሮው ነበር፡፡

አውቴከር የተሰኘው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን በዚያው ዓመት አንድ ሸክላ አሳተመ፡፡ ከሥራዎቹ አንዱ የከበሮ ምቱ እንዳይደጋገም ተደርጎ የተቀነባበረ መሆኑን ገልጾ፣ ዲጄዎች ሲያጫውቱት ጠበቃና የሙዚቃ ሊቅ አጠገባቸው እንዲያስቀምጡ በማሸጊያው ላይ መከረ፡፡ ለእኛ ለሕግ ሰዎች የሥራ ዕድል ሊፈጥር የሞከረ ብቸኛው የጭፈራ ሸክላ ይህ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ዛሬ ታሪኳን የማወጋችሁ ሴት የኖረችው ይህ ሕግ ባስጨነቀው ዓለም ውስጥ ነው፡፡ ሙሉ ስሟ ቫለሪ ኦሉኬሚ ኦሉሳንያ ይባላል፡፡ ወዳጆቿ ኬሚ ይሏታል፤ በመድረክ ስሟ ደግሞ ኬሚስትሪ ናት፡፡ ይህን ቃል ከጎልዲ ዝነኛ ሥራዎች የአንዱ ርዕስ መሆኑን የሚያውቁ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ብዙ ናቸው፡፡ ርዕሱ የሰው ስም መሆኑን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፡፡ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው፡፡

ኬሚ እ.ኤ.አ. በ1963 የተወለደች የበርሚንግሃም ልጅ ናት፡፡ ስሟ የናይጄሪያ ዮሩባዎች ስም ነው፡፡ በርሚንግሃም ያኔ የፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሠራተኞች የሰፈሩባት፣ ስቲል ፐልስን የመሰለ የሬጌ ባንድ ያፈራች ከተማ ናት፡፡ በ1980ዎቹ ኬሚ ኬተሪንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ጄን ኮኒሊ ከተባለች ወጣት ጋር ተዋወቀች፡፡ ጄን የራጅ ባለሙያ ነበረች፤ ሆስፒታል ውስጥ የሰው አጥንት ፎቶ የምታነሳ፡፡ በኋላ ዓለም ስቶርም ብሎ የሚያውቃት ይህችው ጄን ናት፡፡ ሁለቱ ለንደን ገብተው አብረው መኖር ጀመሩ፡፡ ወደ ጭፈራ ቤቱ ቀድማ የገባችውና ጓደኛዋን ጎትታ የወሰደቻት ኬሚ ነበረች፡፡ ሰው እየጎተቱ መውሰድ የኬሚ ልማድ መሆኑን ወደፊት ታያላችሁ፡፡

በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ሥር፣ በድልድዩ ቅስቶች ውስጥ ሄቨን የሚባል ትልቅ የዳንስ ክለብ አለ፡፡ እዚያ ከ1988 እስከ 1993 ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ሬጅ የተሰኘ የጭፈራ ሌሊት ነበር፡፡ ፋቢዮና ግሩቭራይደር የተባሉ ሁለት ዲጄዎች በመጀመሪያ የሚያጫውቱት ፎቅ ላይ ባለው ትንሽ ባር ነበር፤ ኋላ ወደ ዋናው አዳራሽ ወረዱ፡፡ ከዲትሮይትና ከቤልጂየም የሚመጣውን ቴክኖ፣ ፍጥነቱ ተጨምሮለት ከሚሮጥ የሂፕ ሆፕ ከበሮ ጋር እያዋሃዱ ሲያጫውቱ ቆዩና፣ ከዚያ ውስጥ ቀስ በቀስ ጃንግል የተባለው ሙዚቃ ተወለደ፡፡ በአንድ ሌሊት የሆነ ነገር አይደለም፤ ልጁን ወለድኩ የሚሉም ብዙ ናቸው፡፡ ሬጅ ግን ከማዋለጃ ክፍሎቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም፡፡

ሙዚቃውን ለማታውቁት ልሞክር፡፡ ላልለመደ ጆሮ ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ የተከፈተ ይመስላል፡፡ ከበሮው በደቂቃ ከ160 ምት በላይ ይሮጣል፤ ከታች ያለው ቤዝ ግን በግማሽ ፍጥነት፣ እንደ ጎረምሳ አካሄድ እየተንጎራደደ ይመጣል፡፡ ጨፋሪው ደስ ያለውን መርጦ ይከተላል፡፡ ከበሮው በሰው እጅ እዚያው የተመታ አይደለም፡፡ ከድሮ የአሜሪካ ሸክላዎች ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚሰማበት ቦታ ይወሰድና፣ ሳምፕለር በተባለ መሣሪያ ተከታትፎ እንደገና ይገጣጠማል፡፡

ከእነዚህ ቅንጣቢዎች ዝነኛው ዊንስተንስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳተመው «አሜን ብራዘር» የተወሰደው ነው፡፡ ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ይባላል፡፡ ቅንጣቢው ሰባት ሰከንድ አይሞላም፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ሥራዎች ውስጥ ግን ገብቷል፡፡ ኮልማን ግን ለዚያ ከበሮ ምንም ሳይከፈለው እ.ኤ.አ. በ2006 ሞተ፡፡ የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰርም እ.ኤ.አ. በ2015 ሙዚቃ ወዳዶች በበይነ መረብ አዋጥተው 24 ሺሕ ፓውንድ እስኪሰጡት ድረስ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ነገር አልነበረም፡፡ የቅጂ መብት ሕግ ደራሲን ያውቃል፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ተዋናይንና አሳታሚን ጨምሮ ያውቃል፡፡ ሰባት ሰከንድ የመታ ሰው ግን፣ በወረቀት ላይ መብት ቢኖረውም እንኳ ለማስከበር አቅምና ዕድሜ ያስፈልገዋል፡፡ ሸክላ መርጦ፣ አንዱን ከሌላው አጋጥሞ፣ ሰው ወደ ሙዚቃው የሚያመጣውን ግን ሕጉ ጭራሽ አያውቀውም፡፡ ኬሚ ከዚህ ከማይታወቀው ወገን ናት፡፡

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኬሚ ካምደን ሰፈር በሚገኝ ልብስ መሸጫ ውስጥ ትሠራ ነበር፡፡ ክሊፎርድ ፕራይስ የተባለ የወርቅ ጥርስ ያለው ሰው እዚያ አያት፤ ወደዳት፤ ጓደኛዋም ሆነ፡፡ ይህ ሰው ጎልዲ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ የሚታወቀው በግድግዳ ላይ ሥዕል እንጂ በሙዚቃ አልነበረም፡፡ በርሚንግሃም አጠገብ ባለችው ዎልሶል ተወልዶ፣ በሕፃናት ማሳደጊያዎችና በሰው ቤት አድጎ፣ ኒው ዮርክና ማያሚ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው፡፡ ጆሮው ገና ከሂፕ ሆፕ ጋር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 ኬሚና ስቶርም ይዘውት ሬጅ ገቡ፡፡

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይተርኩታል፡፡ ጎልዲ ከሬጅ መቅረት አልቻለም፡፡ ብዙ ሳይቆይ ስቱዲዮ ገባ፤ በ1992 «ተርሚኔተር» የተባለውን፣ ከበሮው ሳይፈጥን ድምፁ ብቻ እየቀጠነ የሚወጣበትን ሥራ አወጣ፡፡ በ1995 ያሳተመው «ታይምለስ» አልበም በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 7ኛ ሆኖ፣ ጋዜጦች ከናይት ክለብ ውጪ ይኖራል ብለው ያልጠበቁትን ሙዚቃ የአልበም ክብር ሰጠው፡፡ «ኬሚስትሪ» የተባለው ሥራም በዚያ አልበም ውስጥ አለ፡፡ ጎልዲ ራሱ ውለታውን ደብቆ አያውቅም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል፡፡ እኔ የምታዘበው ተራኪዎቹን ነው፡፡ ኬሚ በእነሱ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ትላለች፡፡ ሊቁን በር ላይ አድርሳ ትሰወራለች፤ ልክ እንደ ፊልም ላይ ረዳት ተዋናይ፡፡

ኬሚ ግን አልተሰወረችም፡፡ ከስቶርም ጋር የሸክላ ማጫወቻ ገዝተው፣ ቤት ውስጥ ተራ እየተቀባበሉ ዲጄነት ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ፡፡ ስቶርም ቀን የራጅ ሥራዋን ትሠራለች፤ ማታ ማታ ሸክላ ነው፡፡ ከዚያ ተችዳውን እና ዲፌክሽን በተባሉ ፈቃድ የሌላቸው የኤፍኤም ጣቢያዎች ላይ ማጫወት ጀመሩ፡፡

ስለ እነዚህ ጣቢያዎች ትንሽ ማለት አለብኝ፡፡ የለንደን መንግሥታዊ የመኖሪያ ፎቆች ጣሪያ ላይ አንቴና በድብቅ ይተከላል፡፡ ስቱዲዮው ሌላ ቦታ፣ የአንድ ሰው መኝታ ቤት ወይም ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ አንቴናውን ነቅለው ቢወስዱ እንኳ ስቱዲዮው እንዲተርፍ፡፡ እ.ኤ.አ. የ1990 የብሮድካስት ሕግ ቅጣቱን አክብዶት ነበር፡፡ በእነዚህ ጣቢያዎች የሚሠሩ ዲጄዎች ደመወዝ ማግኘት ቀርቶ፣ እንደ ዕቁብ መዋጮ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፡፡ ሕጋዊዎቹ ጣቢያዎች ጃንግልን ለማጫወት ዓመታት ሲያመነቱ፣ ሙዚቃውን ታክሲ ሾፌሩና ተማሪው ጆሮ ያደረሱት እነዚህ ሕገ ወጦች ናቸው፡፡ በሕግ ሰው አፍ ይህን ማለት ደግ ላይሆን ይችላል፤ እውነት ግን ነው፡፡

ስለ ስሙም አንድ ነገር፡፡ ጃንግል የሚለው ቃል ከጃማይካ ድምፅ ጋር አብሮ የመጣ ነው፡፡ በብዙዎቹ ሸክላዎች ላይ ከድሮ ሬጌ የተቀነጨቡ፣ ጃህንና ራስ ተፈሪን የሚጠሩ ድምፆች ይሰማሉ፡፡ አንድ ኢትዮጵያዊ በምሥራቅ ለንደን ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ የንጉሠ ነገሥቱን ስም በቤዝ ታጅቦ ሲሰማ የሚሰማውን ስሜት መግለጽ ያስቸግራል፡፡ በኋላ ጋዜጦቹ ጃንግልን ከዱርዬነትና ከዕፅ ጋር ማያያዝ ሲያበዙ፣ ድራም ኤንድ ቤዝ የሚለው ስም እየጎላ መጣ፡፡ የሙዚቃው ይዘትም ተለውጦ ነበርና ልዩነቱ የስም ብቻ ነው አልልም፡፡ ዳሩ ግን የጥቁር ሠፈር ልጆች ሙዚቃ ጨዋ ለመባል ስሙን መቀየር ማስፈለጉን በቸልታ አላልፈውም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1994 ጎልዲ፣ ኬሚና ስቶርም ሜታልሄድዝ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት መሠረቱ፡፡ ሦስቱም መሥራች ናቸው፡፡ ሁለቱ ሴቶች በስም ብቻ አልነበሩም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድርጅቱን የዕለት ተዕለት ሥራ ከጎልዲ ጋር ተሸክመዋል፡፡ በዚያው ዓመት ያ ከላይ የጠቀስኩት ሕግ ጸደቀ፡፡ የሜዳው ጭፈራ ሲዘጋ ሙዚቃው ፈቃድ ወዳላቸው ክለቦች ተጠቃልሎ ገባ፡፡ ሜታልሄድዝም በ1995 በምሥራቅ ለንደን ሆክስተን አደባባይ ባለው ብሉ ኖት ክለብ የእሑድ ምሽት ዝግጅቱን ጀመረ፡፡

ይህን ቦታ በዓይኔ አይቼዋለሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 ለአጭር ሥልጠና ለንደን በሄድኩ ጊዜ፣ እዚያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እሑድ ማታ ይዛኝ ሄደች፡፡ ሆክስተን ያኔ እንደ ዛሬው ቡና በውድ የሚጠጣበት ሠፈር አልነበረም፤ የተዘጉ ወርክሾፖች የበዙበት፣ ሲመሽ ጭር የሚል ቦታ ነበር፡፡ ደረጃ ወርደን ምድር ቤት ገባን፡፡ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ከባድ ነው፡፡ ቤዙ ሲመጣ የሸሚዜ ቁልፍ ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፡፡ በማግሥቱ ሰኞ ሥራ ስላለ ለመታየት የሚመጣ ሰው አይበዛም፤ የመጣው ለሙዚቃው ነው፡፡ ዴቪድ ቦዊን የመሰለ ሰው እንኳ እዚያ ሲመጣ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ነበር አሉ፡፡ በማጫወቻው ጀርባ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፡፡ አንደኛዋ ረጃጅም ድሬድ ያላት ጥቁር ሴት ናት፤ ሸክላውን በጣቷ ጫፍ እየነካች፣ ራሷን ወደ ጆሮ ማዳመጫው ዘንበል አድርጋ፣ ሕዝቡን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ትሠራለች፡፡ የአክስቴ ልጅ ስሟን ጆሮዬ ላይ ጮኻ ነገረችኝ፡፡

የሚጫወቱት ሸክላዎች አብዛኞቹ ገበያ ላይ ያልዋሉ ነበሩ፡፡ ደብፕሌት ይባላሉ፡፡ የሙዚቃው ሠሪ ገና ትናንት የጨረሰውን ይዞ ሰሜን ለንደን ወደሚገኘው ሚውዚክ ሀውስ ይሄዳል፤ አሲቴት በተቀባ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ አንድ ቅጂ ያስቀርጻል፡፡ ልማዱ ከጃማይካ የድምፅ ማጉያ ባለቤቶች የተወረሰ ነው፡፡ ዝርጉ ለስላሳ በመሆኑ በተጫወተ ቁጥር መርፌው እየፋቀው፣ ጥቂት አሥር ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ድምፁ ይደክማል፡፡ ስለዚህ ለማን ይሰጥ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው፡፡ ማንም ሙዚቀኛ ሥራውን ለማይታመን ዲጄ አይሰጥም፡፡ ወንዶች በሞሉበት በዚያ ወረፋ ውስጥ ለኬሚና ለስቶርም ይሰጥ ነበር፡፡ ችሎታቸውን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም፡፡ ግሩቭራይደር፣ ፋቢዮና ዶክ ስኮት በሚሠሩበት መድረክ ላይ እነሱም ቋሚ ተራ ነበራቸው፡፡

ሁለቱ ማጫወቻውን ተራ በተራ ነው የሚይዙት፡፡ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትቀጥላለች፡፡ ይህ ቀላል አይደለም፤ በደቂቃ ከ160 ምት በላይ የሚሮጡ ሁለት ሸክላዎችን በእጅ አስተካክሎ ማጋጠም ለአንድ ሰውም ይከብዳል፤ የጓደኛን ሐሳብ እየገመቱ መሥራት ሲጨመርበት ደግሞ የዓመታት አብሮ መኖርን ይጠይቃል፡፡ በ1999 መጀመሪያ ላይ የጀርመኑ ኬ7 አሳታሚ «ዲጄ ኪክስ» በሚለው ታዋቂ ተከታታይ ሥራው የሁለቱን ቅንብር በሲዲ አወጣ፡፡ በስማቸው፣ በራሳቸው ምርጫ የወጣ ሥራ፡፡ የውጭ አገር ጥሪዎች እየበዙ ነበር፡፡

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1999 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለቱ ሳውዝሃምፕተን ከሚገኝ ክለብ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ለንደን ይመለሱ ነበር፡፡ መኪናውን የምትነዳው ስቶርም ናት፤ ኬሚ ጎኗ ተቀምጣለች፡፡ በኤም 3 አውራ ጎዳና ላይ ዊንቸስተር አጠገብ ሲደርሱ፣ ከፊታቸው የነበረ ቫን መንገዱ ላይ የተተከለ አንድ የብረት አካል ነቀለ፡፡ ብረቱ ተወርውሮ የፊቱን መስታወት ሰብሮ ገባና ኬሚን መታት፡፡ ወዲያው ሞተች፡፡ ገና 40 ዓመት አልሞላትም ነበር፡፡

ብረቱ እንግሊዞች የድመት ዓይን የሚሉት ነው፤ በአስፋልት መሐል የሚተከል፣ የመኪና መብራት ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ መስታወት የያዘ የብረት ማቀፊያ፡፡ ፐርሲ ሾው የተባለ የሃሊፋክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1934 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በጨለማና በጉም ለሚያሽከረክሩ ሾፌሮች ሕይወት አድን የሆነ ሥራ ነው፡፡ ሌሊት ከሥራ የሚመለስ ዲጄ ከማንም በላይ የሚጠቀምበት ዕቃ፡፡

የአሟሟት ምርመራ ተካሄደ፡፡ ኮሮነር የሚባለው መርማሪ ሹም ሥራው ማን፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሞተ ማረጋገጥ ነው፤ ጥፋተኛ መፈለግ ሥልጣኑ አይደለም፡፡ ውጤቱ በድንገተኛ አደጋ የደረሰ ሞት የሚል ሆነ፡፡ ስለ ድመት ዓይኖቹ ደኅንነትም በሎርዶች ምክር ቤት ጥያቄ ተነስቶ ነበር፡፡ የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ እዚህ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የክርክሩ መነሻ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፡፡ በእንግሊዝ ሕግ ግን የአንድን ሰው ቸልተኝነት ማስረዳት ያስፈልጋል፡፡ ከአስፋልት የላላን ብረት በጎማው የነካ ሾፌር ምን ይባላል?

ስቶርም ከዚያች መኪና ተርፋ ወረደች፡፡ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሁለት ሰው ይሠራው የነበረውን ሥራ ብቻዋን መሥራት ነበረባት፤ ማጫወቻውን የሚቀበላት የለም፡፡ ትተወዋለች ያለ ነበር፡፡ አልተወችውም፡፡ በሜታልሄድዝ ዝግጅቶች ላይ መጫወቷን ቀጠለች፤ ወጣት ሴቶች ዲጄዎችንም አጠገቧ አቁማ አስተማረች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በለንደን በድራም ኤንድ ቤዝ ውስጥ የሴቶችን ድርሻ ለማሳደግ ኢኪው 50 የተባለ ስብስብ ሲመሠረት፣ ከመሥራቾቹ ገሚሶቹ በዕድሜ ከኬሚና ከስቶርም በኋላ የመጡ፣ እነሱን እያዩ የጀመሩ ነበሩ፡፡ ሜታልሄድዝም እ.ኤ.አ. በ2024 30ኛ ዓመቱን ደፍኗል፡፡

«ዲጄ ኪክስ»ን አሁንም አልፎ አልፎ መኪና ውስጥ እከፍተዋለሁ፡፡ ሽፋኑ ላይ የሁለቱም ስም አለ፡፡ አንዱ ሸክላ አልቆ ሌላው ሲገባ፣ የትኛው የኬሚ እጅ የትኛው የስቶርም እንደሆነ በጆሮ መለየት አይቻልም፡፡